የፍየሎቹ ምንጭ

ኦስወልድ ፔክ የላቲኑን የእንስሳት ተረት ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ በልቡ የያዛት አንባቢ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እህቱ ዊኒፍሬድ። እሱ ለንደን ገብቶ የላቲን መምህር ሲሆን እሷ አገር ቤት ቀርታ፣ በመንደሩ የጋራ ግጦሽ ላይ አንዲት ላሟንና ዝይዎቿን እያሰማራች ትኖር ነበር። ላቲን አታውቅም፤ የአገሯን ቋንቋ ግን ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ስለዚህ ኦስወልድ ከባድ ከባዱን ቃል እየጣለ፣ ተኩላውንም ቀበሮውንም እንደ መንደራቸው ሰው አናገራቸው።

አብልጦ የሚወደው ተረት የፍየሎቹ ምንጭ ነበር። ተኩላ «ምንጫችሁን ልጠብቅላችሁ» ብሎ ይመጣል፣ ዙሪያውን ያጥራል፣ ፍየሎቹም ከአጥሩ ውጭ በጥም ያልቃሉ። ኦስወልድ ከግርጌው «ጠባቂ ነኝ ባዩን አስቀድማችሁ ጠብቁት» የሚል ምክር ጻፈና ሥራውን ለአታሚው ለላድ አስረከበ።

መጽሐፉ ሲወጣ ንዳድ ጥሎት ነበር። አገግሞ ከአልጋው በወረደ ሰሞን ዊኒፍሬድ በዝናብ በስብሳ፣ ጓዟን በጀርባዋ አዝላ ከደጁ ቆመች።

«አጠሩት» አለች ገና ሳትቀመጥ። «የመንደሩ ባላባት ግጦሹን በሙሉ አጠረው። ላሜም ሣር አጥታ ሞተች።»

«በማን ሕግ?»

«ባንተ ነዋ! ቄሱ እሁድ መጽሐፍህን አነበበልን። ‹የገዛ መንደራችሁ ልጅ ያለውን ስሙ› አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።»

ኦስወልድ በሕመሙ ጊዜ የተላከለትን ቅጂ ከነእስሩ አንስቶ ፈታው። ከተረቱ ግርጌ «ውሃ የጠባቂው ነው፤ ያጉረመረመ ፍየል ጥሙ ይገባዋል» ይላል።

«እኔ እንዲህ አልጻፍኩም!»

«ሽፋኑ ላይ ያለው ስምስ የማን ነው?» አለችው።

እየተንገዳገደ አታሚው ዘንድ ሄደ።

«የኔታ፣ እርስዎ ታመው ማንን ልጠይቅ?» አለ ላድ ቢራ እየቀዳለት። «ምክሩን ካላስተካከልን የማተም ፈቃድ አይሰጠንም ነበር። ተረቱን እንደሆነ አንዲት ቃል አልነካንም።»

«ስሜን አንሱልኝ!»

«ትልልቆቹ ሰዎች ወደውት? ይልቅ ደስ ይበልዎት እንጂ!»

ኦስወልድ ቢራውን ሳይቀምስ ወጣ። ተሟግቶ የማስተማር ፈቃዱን እንዳያጣ ፈራ፤ መፍራቱንም ለእህቱ መናገር አፈረ።

ዊኒፍሬድ ከወንዙ ማዶ ባለ የእንግዶች ማረፊያ በልብስ አጣቢነት ተቀጠረች። ልብሱን በምታጥብበት የአመድ ውሃ እጇ ተላጠ። እሁድ እሁድ ሊጠይቃት ሲመጣ ስለ ዝናቡና ስለ ጭቃው ታጫውተው ነበር። አንድ እሁድ የራሱን ቅጂ አመጣላት፤ የታተመውን ምክር ሰርዞ የገዛ ቃሉን በቀለም ጽፎበታል። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው።

«ጥሩ ብለሃል» አለች። «ስንት ነው የታተመው?»

«ስምንት መቶ።»

መጽሐፉን መልሳ ሰጠችውና የታጠበውን አንሶላ መጭመቅ ጀመረች።

«ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አለችው።