ሰፊ ፈልገው አጥተዋል?

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። ሠፈርተኛው ግን የእናት የአባቱን ስም ትቶ ጋሽ ልክክ ይለዋል፤ የሰፋውን ልብስ ለደንበኛው አልብሶ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ "ልክክ" ሳይል አያስረክብማ። የእሱን ሱሪ የለበሰ ሰው ቁጭ ብድግ የሚለው ተጠንቅቆ ነው። ኮቱን ለብሶ ማስነጠስ ደግሞ በራስ ኃላፊነት ነው። እሱ ራሱ ከሲታ ስለሆነ ዓለም በሙሉ ከሲታ ይመስለዋል፤ ዘርፈፍ ያለ ልብስ ካየ "ይሄ ድንኳን ነው" ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ምን ያደርጋል፣ ደንበኛ ጠፋ። ሰው የተሰፋ መግዛት ለመደ፣ የጋሽ ልክክ የስፌት መኪናም ዝምታ ለመደ። የሚሠራባት ክፍል የታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ሃያ ስድስት ዓመት በነጻ አስቀምጣው ስታበቃ በቃኝ አለች።

"እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ሲገባ ካላየሁ ክፍሉን የስልክ ሽፋን ለሚሸጠው ሰውዬ እሰጠዋለሁ። አንተም ቤትህ ቁጭ ብለህ እረፍ" አለችው።

"እረፍ" የምትለዋ ቃል አጥንቱ ድረስ ዘለቀች። ከመኪናው ከተነሣሁ አለቀልኝ ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ መቼም አልተሳሳተም፣ እንዲህ ያለ ሰው አለ። በእህቱም አዘነባት። እትዬ ወፈር ያለች ሴት ናት፤ ወንድሟ የሰፋውን ልብስ ለብሳ አታውቅም። ድሮ፣ በሰው ፊት፣ "ለእሷማ ፋብሪካው ራሱ ቢመጣ ጨርቅ አይበቃትም" ብሎ ሰው አስቆባት ነበር። እሱ ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በተለይ የወጋው መርፌ ይዞ የሚውል ከሆነ።

ድረ ገጽ የለውም እንዳትሉ፣ አለው። ከሰባት ወር በፊት ራሱ አሠርቶታል። "ጎብኚዎች፦ 431" ይላል። ባለቤቱ ይህን ስታይ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ሥራ መፍታት አልሆነላት ሲል ስለ ድረ ገጽ ኮርስ ወስዳለች።

"አራት መቶ ሰው ገብቶ አንድ ሱሪ አይታዘዝም?"

"እኔ በቀን ሁለቴ እገባለሁ" አለ ጋሽ ልክክ አንገቱን ደፍቶ። "ፎቶው ጥሩ ነው የወጣው።"

በጣቷ ቆጠረች። "ከዚያ አሥራ አንድ ይተርፋል። እነሱስ እነማን ናቸው?"

"የእኔ ስልክ ባትሪ ሲዘጋ በአንቺ ስልክ ገብቼ ነው።"

ገጹን ከፈተችው። መጀመሪያ ዘፈን ጮኸ። ቀጥሎ አበባ ዘነበ። ቀጥሎ የጋሽ ልክክ ታሪክ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይወርድ ገባ። ስልክ ቁጥሩ ከሁሉ በታች፣ በደቃቅ ፊደል።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር እንጂ ገድል ሊያነብ ይመጣል?" አለችና ዘፈኑንም አበባውንም ልደቱንም ጠራርጋ አወጣችው። ስልክ ቁጥሩን ከላይ አደረገች፣ የሱቁን አድራሻ አስከተለች። ከዚያ በትልቁ "ልብስ ሰፊ ፈልገው አጥተዋል? እኛ ጋ አለ።" ብላ ጻፈች። በስልክ ሲታይ ግን የመጨረሻዋ "አለ" ወደ ታች ወርዳ ብቻዋን ተንጠለጠለች። ጋሽ ልክክ የተንጠለጠለ ክር እንኳ አይወድም።

"ቁረጪያት።"

"ምኗን?"

"'ልብስ' የምትለውን። ልብሱ ፎቶው ላይ አለ አይደል።"

ቆረጠችው። "ሰፊ ፈልገው አጥተዋል? እኛ ጋ አለ።" በአንድ መስመር ልክክ አለ። እሱም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየውና ደስ አለው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ዳቦ ጋጋሪ በጎኑ ዞሮ በበሩ ገባ። በጎኑ ካልሆነ አይገባም ነበር።

"ሰፊ አለ ብላችሁ ነው የመጣሁት" አለ፣ በሩ ትንፋሹን ነጥቆት እያለከለከ።

"አለ እንጂ። ሰፊው እኔ ነኝ" አለ ጋሽ ልክክ፣ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ።

ዳቦ ጋጋሪው ከእግር እስከ ራሱ አየው። "እርስዎ?"

"ሃያ ስድስት ዓመቴ። አባቴም ሰፊ ነበሩ።"

"ታዲያ እርስዎ ምን ነክቶዎት ነው እንዲህ የከሱት?" አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከልቡ አዝኖ።

ወዲያው አንዲት አስተማሪ ገባች፤ እሷም በጎን። ከኋላዋ የከባድ መኪና ሹፌር መጣ። በሩ ጨለመ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ባለቤቱ ስልኳን አውጥታ ገጹን አንዴ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ፊ ላልታ ስትነበብ አንተ ነህ። ስትጠብቅ ግን ሰፋ ያለ ማለት ናት። 'ልብስ'ን ቁረጪ ያለኝ ማነው?"

"ሲጠብቅ እንዴት ይሰፋል?" አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነውና ነገሩ አልገባው አለ።

"እኔን አትጠይቀኝ። ቋንቋውን ጠይቅ።"

"አሁኑኑ አርሚው። እኔ ድንኳን አልሰፋም።"

ተናገረው እንግዲህ። ዳቦ ጋጋሪው ግን አልተቆጣም፣ ይሄ ለእሱ አዲስ አይደለም።

"ይሁን" አለ። "ሌላው ጋ ስገባ ሰላም ሳይሉኝ 'በእርስዎ ቁጥር የለም' ይሉኛል። እናንተ አለ ብላችሁ ስትጽፉ ጊዜ፣ ሥራዬን ጥዬ መጣሁ።" ሊወጣ ዞረ።

ሲዞር ጋሽ ልክክ የኮቱን ጀርባ አየ። የትከሻው ስፌት ክርኑ አጠገብ ደርሷል። እጅጌው ጣቶቹን ውጧል። ደሙ ፈላ፤ በሰውየው ሳይሆን ኮቱን በሰፋው።

"ና ወዲህ። ይሄን የሰፋው ማነው? ሰው ስለወፈረ ትከሻው ክንዱ ላይ ነው ያለው ማነው?"

ሜትሩን አወጣ። አልደረሰም። ሁለተኛ ሜትር በመርፌ ቁልፍ ቀጠለበትና ለካ። አስተማሪዋንም ለካ፣ ሹፌሩንም ለካ።

በሳምንቱ ዳቦ ጋጋሪው ኮቱን ለብሶ መስተዋት ፊት ቆመ። ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ።

"ለካ ትከሻ አለኝ" አለ በመጨረሻ።

ጋሽ ልክክ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የተለመደችውን ቃል ረስቶ፣ ተመልሶ የኮቱን ትከሻ በመዳፉ ዳበሰ። በዚያ ቀን "ገጹን ላርመው ወይ?" ብላ ለጠየቀችው ባለቤቱ "እጅሽ እንዳይነካው" አላት።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። እትዬ ባለ ስልክ ሽፋኑን አስከትላ ቁልፏን ልትቀበል መጣች። በሩ ላይ ሰባት ሰው ተሰልፏል፣ ሰባቱ የአሥራ አራት ሰው ቦታ ይዘዋል። ልትገባ ስትል ለሱሪ የተመለሰው ዳቦ ጋጋሪ በትሕትና ከለከላት።

"ወረፋ ነው እናቴ።"

"የቤቱ ባለቤት ነኝ እኮ።"

"ቢሆንም።"

በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። አስተማሪዋ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መስተዋቱ ፊት ትሽከረከራለች። እትዬ ቆማ ስታያት ቆየች። ከዚያ ባለ ስልክ ሽፋኑን "አንተ ሂድ፣ ሌላ ቤት ፈልግ" አለችውና ከሰልፉ መጨረሻ ገባች።

ተራዋ ሲደርስ ወንድሟ የተቀጠለውን ሜትር እንደያዘ ፊቷ ቆመ። ያ የድሮ ቀልዱ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ፣ አፈረ።

"እትዬ፣ ያኔ በሰው ፊት ያልኩሽን..."

"ዝም ብለህ ለካ። ጨርቁ ይበቃኝ እንደሆን እናያለን።"

ዙሪያዋን ለካ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ዓይኑን ጠረገ።

"ይበቃል እትዬ። እንኳን ሊያንስ ይተርፋል።"

"ልክክ ካላለ" አለች እጆቿን እንደዘረጋች፣ "ቁልፌን እወስዳለሁ።"