የአባዬ ሰደርያ

አባዬ ሦስት ደረጃ ወጥቶ ግድግዳ መደገፍ ሲጀምር፣ ሐኪሞቹ የደከመ ልቡን የሚያግዝ ፓምፕ ደረቱ ውስጥ ገጠሙለት። ከሆዱ የሚወጣ ገመድ ወገቡ ላይ ካለች የመቆጣጠሪያ ሳጥን ጋር ይገናኛል፤ ሳጥኗ ደግሞ በግራና በቀኝ ከሚሸከማቸው ሁለት ባትሪዎች ኃይል ታገኛለች። እኔ ሩቅ አገር የተማርኩት የውኃ ምህንድስና ነው። እሱ ሲታመም ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት መሥሪያ ቤት ቀይሬ፣ ልቆይ ልሂድ እያልኩ ስዋልል ስምንት ወር ሆነኝ። ስለ ፓምፕ አውቃለሁ ስለው ይስቃል።

«ያንቺ ውኃ ነው የሚስበው። የኔ እኔኑ ነው የሚጎትተኝ። አታምታቺው፣ ፕሮፌሰር።»

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሆስፒታሉ የሰጠውን የባትሪ ማንገቻ ገና ሲያየው ጠላው። «ይኼን አንግቤ ሰው ስለካ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ ነው የምመስለው» አለና ሰደርያ ሰፋ። ኪሶቹ በውስጥ በኩል ናቸው፤ ከላይ ወፍራም ሱፍ፣ እያንዳንዱ ኪስ ላይ ሦስት ሦስት ቁልፍ። ለብሶት መስታወት ፊት ሲቆም የተሸከመው ነገር ሁሉ ጠፋ። እማዬ በደስታ አለቀሰች። ሁሉን የምጠራጠር እኔ እንኳ «ያምራል» አልኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። አባዬ ቅዳሜ ልጁን የሚድር ሹፌር ይለካል።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ይጮኻል» አለ ሹፌሩ።

«ይጩኽ። ደንበኛ ቆሞ ስልክ አላነሳም። አንተ ግን ሆድህን አትሳብ።»

«ኧረ አልሳብኩም!»

«ሜትሩ እንዳንተ አይዋሽም። ሠርጉ ላይ በልተህ ስትለቀው ቁልፉ ሙሽራዋ ዓይን ውስጥ ይገባል።»

ሹፌሩ ሳቀና ጆሮውን ወደ አባዬ አዘነበለ። «ጋሼ፣ ድምፁ ከሆድዎ ነው እንዴ የሚመጣው?»

የአባዬ ስልክ እኔ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ካውያውን ወረወርኩት። የሚጮኸው የባትሪዎቹ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሱፉ አፍኖት ከመቼ ጀምሮ እንደሚጮኽ አናውቅም። ወደ ቁልፎቹ ሮጥኩ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ አዲስና ጠባብ ናቸው፣ አንዱም አልከፈት አለ።

«ዞር በይ» አለኝ አባዬ። መቀሱን አነሳና ሳምንት ሙሉ የደከመበትን ሰደርያ በሁለቱም ጎን ሰነጠቀው።

ሁለቱም ባትሪዎች ሊያልቁ ነበር። ትርፍ ባትሪ ከሚይዝበት ቦርሳ ሙሉዎቹን አወጣሁና የደከሙትን አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጄ ያዝኩ፤ በአንዴ ነቅዬ በአንዴ ልተካ። አባዬ እጄን ያዘኝ።

«አንድ በአንድ።»

«አባዬ፣ ጊዜ የለም!»

«አንዱን አውጪ፣ ሙሉውን አስገቢ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። የሆስፒታሉ ነርስ እስኪሰለቸኝ አስደግማኛለች። ሁለቱንም ከነቀልሽ እኔ በምን ልቆይ?»

የግራውን ቀየርኩ። የቀኙን ቀየርኩ። ጩኸቱ ቆመ። የዚያን ጊዜ ወለሉ ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ተቀመጥኩ።

አባዬ የሹፌሩን ትከሻ ያዘ። «ጆሮህን እግዜር ይባርክልኝ። ኮትህን ለብሰህ እንድታረጅ እጸልይልሃለሁ።»

«እኔ ምን አደረግኩ ጋሼ? ስልክ መስሎኝ እኮ ነው።»

«ቢመስልህም ዝም አላልክም። እኔ ዕቃውን ከሰው ዓይን ስደብቅ ከራሴም ደብቄው ነበር።»

ነርሷ ያን ሁሉ ስታስደግመው እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። መሐንዲስ ነኝና ገብቶኛል ብዬ ስልኬን እነካካ ነበር። በማግስቱ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩና የሆነውን ሁሉ፣ ሁለቱን ልነቅል እንደነበርም ሳልደብቅ ነገርኳት። እግዜር ይስጥልኝ አልኳት፤ አባቴን ዛሬ ያየሁት በአንቺ ነው።

አልተቆጣችም። ከመሳቢያዋ ለማስተማሪያ የሚሆን የመቆጣጠሪያ ሳጥንና ሁለት ባትሪ አወጣች።

«በይ ነይ እህቴ፣ ካንቺ እንጀምር» አለች።

ስልኬን አጥፍቼ ወንበሩን ሳብኩ።