ቀድሞ የሚመጣው ድምፅ

የይበልጣል ሞተር ሳይክል የጭስ ማፈኛ ማርሚታው ከተቆረጠ ጀምሮ ድምፁ ከራሱ ከሞተሩ አንድ ቀን ቀድሞ ወላጆቹ ቤት ይደርስ ነበር።

አባቱ ባዘዘው መጀመሪያ የሰማው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ማስጫው ላይ በርበሬ ያገላብጥ ነበር። ድምፁ ከሾላ ውሃ ድልድይ ተነሣ፤ እያጓራ ዳገቱን ወጣ፤ ጠመዝማዛው ላይ ማርሽ ቀየረ፤ ግቢው በር ድረስ መጣና ሦስት ጊዜ ጮኾ ጠፋ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። የጎረቤት ውሻ አጥሩ ሥር ቆሞ ጮኸ። መንገዱ ላይ ግን ሞተርም ሰውም አልነበረም። ባዘዘው በሩን ከፍቶ ግራና ቀኙን አየ፤ መልሶ ዘጋው፤ ወደ በርበሬው ተመለሰ። ሚስቱ እንጉዳይም ጓዳ ሆና ሰምታ ስለነበር ማታ የሚነግራት ነገር አልነበረውም።

ረቡዕ በዚያው ሰዓት ሞተሩ መጣ። ኮሽታ የለውም። ጎማው ይሽከረከራል፣ አቧራው ይነሣል፣ ከኋላው ጭስ ይወጣል፤ አካሄዱ ግን እንደ ደመና ጥላ ነው። ይበልጣል ወረደና የአባቱን ጉልበት ሳመ።

«ድምፅህ ትናንት መጣ» አለው ባዘዘው።

«አውቃለሁ፣ አባ። መካኒኩ ሸምሱ መውጫውን ሲከፍተው ቀለለውና ቀድሞ ሄደ።»

«ለምን አስቆረጥከው?»

«ጉልበት እንዲጨምር ነው።»

«ጨመረ?»

ይበልጣል ትንሽ አሰበ። «ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ጨምሯል። ዳገት ላይ ቀስ ሲል ግን ቀንሷል።»

«እኛ ያለነው ዳገት ላይ ነው» አለ ባዘዘው።



ይበልጣል የተቆረጠውን ማርሚታ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ይዞት መጥቶ ነበር፤ አባቱ ብረት እንደማይጥል ያውቃል። የዶለዶመ ማረሻ፣ የተበጠሰ ሰንሰለት፣ እጀታው የወለቀ አካፋ፣ ሁሉም ጎተራው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ባዘዘው ማርሚታውንም አጠገባቸው ሰቀለው። በማግስቱ ከሥሩ የተኛች ዶሮ እንቁላል ጣለች። ተነሥታ ክንፏን አራገበች፣ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣላትም። ማስካካት የቻለችው ሦስት እርምጃ ያህል ከራቀች በኋላ ነው። ባዘዘው እንቁላሉን አንሥቶ ወደ ማርሚታው ቀና ብሎ አየ። ድምፁ ሲሄድ ዝምታው እዚህ ውስጥ እንደቀረ ገባው። ደህና ብረት ነው አለ በልቡ፤ ሚስማሩን ጠበቅ አደረገው።

ሰዉ ነገሩን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመደው። በርበሬ ወደ ከተማ የሚልክ ሰው ድምፁን ሲሰማ ጆንያውን ይሰፋል፤ በማግስቱ አውጥቶ መንገድ ዳር ይጠብቃል። እንጉዳይ ድምፁ በመጣ ማግስት ምሳ ስትሠራ አንድ ሰው ትጨምራለች። ስማቸው የሚባለው ጎረቤታቸው አጥር ላይ ተደግፎ፣ «የሌላው ሰው ልጅ ሳይነግር መጥቶ ባዶ ሌማት ያስከፍታል፤ ያንተው በዋዜማው ያስለፍፋል» ይለው ነበር። ባዘዘው ሳያስጨርሰው ወደ በርበሬው ይመለሳል። ስማቸውም መልስ ጠብቆ አያውቅም።

ነገር የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሞተሩን መንገድ ላይ አስቆመው።

«ትናንት ስብሰባ ላይ ሆነን ጆሯችንን በጠስከው። ትቀጣለህ» አለው።

«ትናንት እኔ ከተማ ነበርኩ።»

«ድምፅህ እዚህ ነበር።»

«የያዙኝ ዛሬ ነው፤ ዛሬ ይጮኻል?»

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አዳመጠ። አይጮኽም። ቀና ብሎ ጉልበቱን አራገፈና፣ «ሂድ» አለው።

ሞተሩ ሳይሰማ ስለሚደርስ ሰውና ከብት እንዳይገጭ ባዘዘው ከበሬው አንገት ላይ ቃጭል ፈትቶ መሪው ላይ አሰረለት። ቃጭሉ ሳይቀድም፣ ሞተሩ በሚመጣበት ቀን አብሮት ይጮኽ ነበር። ጫፉ የተሰነጠቀ ስለሆነ ድምፁ ሻካራ ነው፤ አገሩ ውስጥ ሌላ እንደሱ ያለ የለም።

በኅዳር እንጉዳይ ዓይኗን አመማት። ሐሙስ ይበልጣል ሞተሩ ላይ አፈናጦ ከተማ ወሰዳት። የዓይን ሞራዋ ተገፍፎላት እሱ ቤት ታድርና ቅዳሜ ትመለሳለች ተባለ።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ድምፁ መጣ። ባዘዘው ማስጫው ላይ ቆሞ አዳመጠ። የአህያ ኮቴ ሰምቶ ጭነቷን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ድምፁ ድልድዩን ሲሻገር ሁለት ሰው እንደጫነ ወዲያው ለየ። አንዱ ልጁ ነው፤ ሁለተኛዋ እንጉዳይ ናት። ድምፁ ዳገቱን ጀመረ። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ማርሽ ወረደ፤ ጮኸ፤ ከዚያ የባሰ ጮኸ፤ በጮኸ ቁጥር ግን ጉልበቱ እየከዳው ሄደ። ቆመ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ብረት ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ከባድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ተሰማ።

ባዘዘው የበርበሬውን ብናኝ ከእጁ አራገፈ። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ የሚሆነውን ሰምቷል። የቤቱን ስልክ እንጉዳይ ይዛው ሄዳለች። ጎተራው ዘንድ ሄዶ ማርሚታውን ከሚስማሩ አወረደና በከረጢቱ ጠቅልሎ ተሸከመው። ማርሚታው ትከሻው ላይ ሲያርፍ የዶሮዎቹም፣ የነፋሱም፣ የራሱም እስትንፋስ ድምፅ ጠፋ። በሩን አልፎ ሲሄድ ስማቸው ከአጥሩ ማዶ በአንድ እጁ ወደ ወንዙ እየጠቆመ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየው። የሚለውን አልሰማም። አልቆመለትም።

ሦስት ሰዓት ሄደ። የእግሩን ኮቴ አልሰማም። በመንገድ ውሾች እየሮጡ መጡበት፤ አፋቸውን ከፍተው ምንም ሲያጡ ግራ ገብቷቸው ተመለሱ። ከተማ ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። መካኒኩ ሸምሱ ጋራዡን አልዘጋም። ባዘዘው ከረጢቱን መሬት ላይ ሲያስቀምጠው የአንድ ሠራተኛ መዶሻ ብረት እየመታ ዝም አለ። ሸምሱ በእጁ ወደ ውጭ ጠቆመው፤ ራቅ ብለው ቆሙ።

«መልሰህ በይደው» አለ ባዘዘው።

«ያስቆረጠው ልጅዎ ነው፣ ጋሼ። ምን አጠፋ?»

«ዳገት አይወጣም።»

«ልክ ነው» አለ ሸምሱ። «ጭሱ ሲወጣ ማርሚታው ትንሽ ሊይዘው ይገባል። ዝም ብሎ ከተለቀቀ በዝግታ ሲሄድ ጉልበት ያጣል፤ ካላስጮኹት አይሄድም። ደግሞ ይግላል። እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ቢያዩት እንደ ኖራ ነጥቷል።»

ባዘዘው ነገሩን በራሱ መንገድ አሰበው። «መስኖ ነው» አለ። «ቦዩን ካልገደብከው ውሃው ይሮጣል እንጂ በርበሬው አይጠጣም።»

«እሱ ነው።»

«ይህን እያወቅክ ለምን ቆረጥከው?»

«ወጣት ሲመጣ የሚፈልገው ድምፅ ነው፣ ጋሼ። ጉልበት የሚለው ለአባቱ ነው።»

ባዘዘው አልሳቀም። የሰማውን ከድልድዩ ጀምሮ እስከ ውሃው ነገረው። ሸምሱ ጥቁር እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠ።

«ብበይደው ከእንግዲህ የሚወጣው ድምፅ ከሞተሩ ጋር ይሄዳል» አለ። «የዛሬው ግን ወጥቷል። የወጣውን መመለስ አልችልም።»

«የወጣው የሁለት ሰው ነው። ነገ ሦስት ሆነን በጠዋት እንሄዳለን።»

«እንግዲያ ያ ድምፅ ባለቤት ያጣል።»

«ይጣ» አለ ባዘዘው።

ሠራተኛው ተልኮ ይበልጣል ሞተሩን አመጣ። አባቱን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ ቁልፉን ሰጠ። ብየዳው ሲበርድ ሸምሱ አስነሣው። ድምፁ እንደተከደነ ድስት የታፈነ ነበር፤ የሚወጣውም ከሞተሩ ነው፣ ያኔውኑ። መዶሻውም እንደገና ተሰማ። ይበልጣል ቃጭሉን ሊፈታ እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለ አባቱ። «ከብት ለምዶታል።»

እንጉዳይ በይበልጣል ክፍል አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል።

«ምን እግር ጣለህ?» አለችው።

«መጣሁ።»

በሠላሳ ዓመት ትዳር የዚህን ቃል ትርጉም መለየት ተምራለች። «ድምፁ ምን አለ?»

«ውሃ ገባችሁ።»

እንጉዳይ ፋሻዋን በጣቷ ነካ አደረገች። «ሐኪሙ ውሃ እንዳይነካው ብሏል» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሡ። ይበልጣል ከፊት፣ እንጉዳይ ከመሃል፣ ባዘዘው ከኋላ። ሾላ ውሃን ተሻገሩ። ሞተሩ ጠመዝማዛውን ሦስት ሰው ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይጮኽና ሳያቃስት ወጣው። ባዘዘው የሚስቱን ነጠላ ጫፍ በጡጫው ጨብጦ እንደነበር ያወቀው ግቢው ውስጥ ሲወርድ፣ ጣቶቹ አልዘረጋ ሲሉት ነው። ሞተሩን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አቆሙት። እንጉዳይ ጥቂት ጋደም ብላ ተነሣችና ምሳ ሠራች። በሉ። ይበልጣል መደቡ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስማቸው አጥሩ ጋ መጣ።

«ትናንት እየጠራሁህ ጥለኸኝ ሄድክ» አለው።

«አልሰማሁም።»

«አንተ ልማድህ ነው፤ ነገር ሳታስጨርስ ትነሣለህ። ድምፁ ውሃ ገባ አይደል? ጥቂት ቆየና ተነሣ። ውሃ እየተፋ፣ እያነጠሰ ዳገቱን ወጣው። ሁለቱንም እንደጫነ መጥቶ እዚህ በርህ ላይ ቆመ። አትሩጥ፣ ደህና ናቸው ልልህ ነበር።»

ባዘዘው ዞሮ ወደ ቤቱ አየ።

«ደህና ገቡልህ?»

«ገብተዋል።»

«ይኸው» አለ ስማቸውና ወደ ቤቱ ሄደ።

ባዘዘው በሩን ዘግቶ መቀርቀሪያውን አስገባ። በበሩ ጣውላ መሃል በሚታየው ክፍተት ትይዩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ድልድዩም ዳገቱም ይታያል። ከኋላው፣ ቤት ውስጥ፣ እንጉዳይ ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉር ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ የመጣው የቃጭል ድምፅ ነው። ሻካራ ነው። ባዘዘው ዞሮ ክፈፉ ሥር የቆመውን ሞተር አየ። ቃጭሉ መሪው ላይ ታስሯል፤ አይንቀሳቀስም። ድምፁ የሚመጣው ከድልድዩ ነው።

ድልድዩ ላይ አንድ ሞተር ያለ ድምፅ ይሻገር ነበር። ሁለት ሰው ተቀምጦበታል፤ ከኋላ ያለችው ሴት ነጭ ፋሻ አስራለች። ዳገቱን ጀመሩ። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ዘገየ፤ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ወድቆ ድንጋዩን እየፋቀ ወንዙ ውስጥ ገባ። ምንም አልተሰማም። ባዘዘው ይህን ትናንት ሰምቶታል፤ ባለቤት ያጣው ድምፅ የራሱን ባለቤቶች አበጅቶ መጥቷል። የተሰማው ቃጭሉ ብቻ ነው፤ እሱም ውሃ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ታፍኖ።

ባዘዘው አልተነሣም። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ከውሃው ወጡ። ሞተሩን አቀኑት፤ ወጣቱ አስነሣው፤ ሴትዮዋ ነጠላዋን ጨምቃ ተፈናጠጠች። ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡት። ቃጭሉ እየቀረበ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ማን መጣ?» አለች እንጉዳይ ከውስጥ።

ባዘዘው በክፍተቱ አየ። ሴትዮዋ የራሰውን ፋሻ በጣቷ ይዛ በደህናው ዓይኗ ታየው ነበር። ከእግሯ ሥር ውሃው በበሩ ታች አልፎ ወደ ግቢው ይገባል። ከኋላዋ ወጣቱ ጥርሱ ይንቀጠቀጣል፤ አይሰማም።

«ከምሳው የተረፈ አለ?» አለ ባዘዘው።

«ለስንት ሰው?»

«ለሁለት።»

መቀርቀሪያውን ሳበ። ሴትዮዋ ስታልፍ እንደ ሁልጊዜው ትከሻውን በእጇ ነካ አደረገችው። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ሁለቱ ግቢውን አቋርጠው የውሃ ዱካ እየተዉ ወደ ቤቱ ገቡ። ዶሮዎቹ አልተበተኑም። ባዘዘው መቀርቀሪያውን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠ። ሳህን ሲቀመጥ ተሰማ፤ ሁለተኛው ሳህን ሲቀመጥ ተሰማ፤ ከዚያ የእንጉዳይ እንጉርጉሮ ቃሉ መሃል ላይ ቆመ።