መቀስ ለምን ዝም አለች

የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ የሻዩን ትሪ ለጎረቤታቸው አቀበለችና ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አየችው። ስልኩ የእናቷ ነው፤ ያልሰማ ዘመድ ቢደውል ልንገረው ብላ ሳታጠፋው ቀርታ ነበር።

«የት ተደበቅሽ? ዝም ማለት አያዋጣሽም» ይላል ጽሑፉ። የላከው «ጠበቃው» የሚባል ሰው ነው።

እናቷን የቀበሯት ትናንት ነው። ሳሎኑ ከየቤቱ በተዋሷቸው ወንበሮች ተጨናንቋል፤ የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ተገፍታለች። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ምንም ሳትታመም» አለች አንዷ።

«ልብ እኮ መች ይናገራል» አለች ሌላዋ።

በሩ አጠገብ፣ ከሰው ተነጥሎ፣ አጎቷ ተቀምጧል። ሰዓት ሠሪ ነው፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም። እህቱ የልጅቷን አባት ያገባች ጊዜ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» ብሎ የወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ይህን ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ነው። ሲመጣም አላለቀሰም። ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቷል።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ የሚታየው ድራማ ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። የድራማው ተከታታዮች በሚቀላለዱበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስሟ «መቀስ» ነው። መሪ ተዋናዩ እንባ ጠብ ሳይለው ሲያለቅስ፣ «አትፍረዱበት፣ ሽንኩርት ተወዶ ነው» ብላ ጻፈች። የድራማው አባት ራሱን ስቶ ክረምቱን ሙሉ ሲተኛ ጢሙ ተላጭቶ ነበርና፣ «እኔም ስታመም እዚያ ሆስፒታል ውሰዱኝ፣ ፀጉር አስተካካያቸው ጎበዝ ነው» አለች። ያን ዕለት መርፌ በከንፈሯ ይዛ በሳቅ ስትንከተከት ልጅቷ «ትውጪዋለሽ እኮ» ብላ ተቆጥታት ነበር።

ጠበቃው እዚያው ግሩፕ ውስጥ የተዋናዩ ተከራካሪ ነው። ቀልዷን ሳይመልስ ውሎ አያድርም፤ ስድብም አይሰስትም። አንዴ ሁሉም በድራማው የግድግዳ ሰዓት ሲስቁ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የቆመ ነውና፣ እሱ ብቻ ስለ ሰዓቱ ሞተር ረጅም ትንታኔ ጻፈ። እናቷ ያንን ደጋግማ አንብባ ብቻዋን ሳቀች።

«ለምን አትዘጊውም? ሰውየው ጤነኛ አይመስለኝም» አለቻት ልጅቷ።

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ተይው። እኔን የሚያናግርበት ሌላ መንገድ የለውም።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት አለፈችው።

ስልኩ አሁንም ተንቀጠቀጠ። ግሩፑ ተንጫጭቷል። «መቀስ ዛገች መሰለኝ» ይላል አንዱ። «ሞታ ነው እንጂ እንዲህ አትጠፋም» ይላል ሌላው፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። ወዲያው የጠበቃው መጣ፦ «ዛሬ ካልመለስሽ ቤትሽን ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ በሩ ወረወረች። ከዚያ በኋላ የማታውቀው ወንድ በገባ ቁጥር እጁን፣ ኪሱን፣ ዓይኑን ታያለች። አንድ ረጅም ሰው ገብቶ እናቷን እየጠራ ሲያለቅስ እንኳ አላመነችውም። ጎረቤታቸው «ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ» ስትላት «ምንም» አለች።

«እመጣለሁ ብለሽ እንዳታታልዪኝ፤ እኔ ነኝ የምመጣው» አለ ስልኩ።

ቀና ስትል የአጎቷ አውራ ጣት ከስልኩ ላይ ሲነሳ አየች።

አጋጣሚ ነው ብላ ጠበቀች። አጎቷ ጎንበስ ብሎ ነካካ፤ ኪሷ ተንቀጠቀጠ። እንደገና ነካካ፤ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ስለ ግድግዳው ሰዓት የተጻፈው ትንታኔ ትዝ አላት። የመስኮቱን ደፍ ያዘች። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቅ፣ በእናቷ ስም «አለሁ» ብላ ጻፈችለት።

የአጎቷ ስልክ በራ። አነበበው። ጠዋቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ የደረቀው ፊቱ ተፈታ፤ ፈገግ አለ። አጠገቡ ያለችው ሴት አይታው «ምን ዓይነቱ ነው፣ በእህቱ ሞት የሚስቅ» ብላ ለጓደኛዋ አንሾካሾከች። እሱ አልሰማትም፤ እየተቻኮለ ይጽፋል።

መልሱ ደረሳት። «ተመስገን። ክፉ ሴት፣ አስደነገጥሽኝ። አንቺ እንኳ አትጥፊብኝ። ትናንት እህቴን ቀበርኩ፤ ሳላናግራት።»

ልጅቷ ስልኩን አጥፍታ ወደ ኪሷ ብትመልሰው ማንም አያውቅም። እሱም ነገ ሲጽፍ፣ ከነገ ወዲያም ሲጽፍ፣ ሲጠብቅ ይኖራል። ወንበሮቹን እያለፈች ሄዳ ፊቱ ተንበረከከችና የእናቷን ስልክ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

አጎቷ የራሱን ጽሑፍ እህቱ ስልክ ላይ አነበበ። ወደ ላይ እየገፋ የድሮውን አነበበ፤ ስድቡን፣ ዛቻውን፣ የእሷን ሳቅ።

«ታውቅ ነበር፣ ጋሼ» አለችው ልጅቷ ቀስ ብላ። «እርስዎ መሆንዎን ታውቅ ነበር።»

«እያወቀች መለሰችልኝ?»

«አንድም ቀን ሳትመልስልዎ አላደረችም።»

አጎቷ ራሱን ነቀነቀ። የሸሚዙን እጅጌ ወደ መዳፉ ስቦ የስልኩን መስታወት ጠረገ፤ ምንም ሳይኖርበት ደጋግሞ ጠረገው። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ለታላቅ እንደሚሰጥ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ መለሰላት።