አማትና ነጭ የደም ሴል

ፀጉር አስተካካዩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቷል። የሰው ጭንቅላት ላይ ሲያጎነብስ ወሬ የማያልቅበት ሰውዬ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ለካንሰር ከባድ መድኃኒት እየወሰደች ነው፤ የሚያየው ደም ጠዋት ከክንዷ የተቀዳ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋን በጥያቄ ቢያደርቃት ጊዜ ነው "ና ራስህ እይ" ብላ ያስቀመጠችው።

"ይኼ ሁሉ ቀይ ነው እንዴ?"

"ኦክስጅን የሚያመላልሱት ናቸው። ጥቃቅኖቹ ደግሞ ስትቆረጥ ደም የሚያቆሙልህ። በል አሁን ነጩን ፈልግ፤ በሽታ የሚከላከለው የሰውነት ዘበኛ እሱ ነው።"

መስታወቱን ቀስ እያለች ገፋችለት። ቀይ፣ ቀይ፣ አሁንም ቀይ። አንገቱ ደነዘዘ።

"አንዲት ወይን ጠጅ የምትመስል አለች።"

"እሷ ናት። ቀለም ነክረናት ነው።"

"ብቻዋን ምን ትሠራለች? ጓደኞቿስ?"

"መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ እነሱንም ጠራርጎ ወሰዳቸው። የሚስትህ መቅኔ አዲስ እስኪያመርት ድረስ ተራ ጉንፋን እንኳ ቢይዛት የሚመክትላት የለም። ልትሞትብህ ትችላለች።"

ቀና አለ። "ታዲያ ከእኔ ውሰዱላታ። እኔ ሞልቶኛል።"

"ያንተ ዘበኛ እሷን በምን ያውቃታል? ቤቷ ገብቶ ባለቤቲቱን 'ማነሽ አንቺ?' ብሎ ቢደበድባትስ? ደም ስንሰጥ ነጩን አጣርተን የምናስቀረው ለዚህ ነው።"

ሳቀ። ይኼን ያህል ዘመን አንድ ትራስ ላይ ተኝተው፣ ደሙ ደሟን አያውቀውም ማለት ነው። ነገሩ እስከ ቤቱ ድረስ ሲገርመው ሄደ።

አማቱ በሩ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከሩቅ ከመጡ ሳምንት አለፋቸው። እሱ ግን አውቶቡስ ውስጥ የስንቱን ሳል ስበው እንደመጡ አይታወቅም ብሎ ጎረቤት ነው ያሳደራቸው። የቤቱ ቁልፍ ከኪሱ አይወጣም።

"ዛሬም በመስኮት ነው የማያት?" አሉት።

"እማማ፣ ዛሬ በዓይኔ አይቼ መጣሁ። አንዲት ዘበኛ ነው የቀረቻት። ሰው ማስገባት አይቻልም።"

"እኔ ሰው ነኝ? እናቷ እኮ ነኝ።"

"ጉንፋኑ እናቷ መሆንዎን በምን ያውቃል?"

አማቱ ሳምንቱን ሙሉ አንዴ እንኳ ሲያስሉ አልተሰሙም፤ እሱም ይኼን ያውቃል፣ አፍሯልም። ቁልፉን አውጥቶ ወደ በሩ ሲጠጋ አስነጠሰው። ደገመው።

"ይማርህ" አሉት አማቱ፣ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ።

ጉሮሮውን ከጠዋት ጀምሮ ሲበላው የፀጉር ብናኝ ነው ብሎ ትቶት ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ስር የሚውለው እሱ ነው። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ከበር ሲመልስ ራሱን አንድም ቀን እንግዳ አድርጎ አልቆጠረም።

"ማነው ያስነጠሰው?" አለች ሚስቱ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ" አለ።

ግቢው ቧንቧ ጋ ሄዶ ቁልፉን በሳሙና አጠበው። ከዚያ ተመልሶ በርጩማው ጫፍ ላይ አስቀመጠላቸውና ራቅ ብሎ ቆመ።

"አንተስ የት ልታድር?"

"ፀጉር ቤቴ። ወንበሩ ይዘረጋል።" ቁልፉን በአገጩ አመለከታቸው። "እጅዎን ታጥበው ይግቡ፣ አፍዎንም ይሸፍኑ። ማታ መጥቼ ብለምንዎትም እንዳይከፍቱልኝ።"