ብርማው ጣሪያ

መብራቱ የጠፋው ማክሰኞ፣ የካቲት አሥራ አንድ ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ያጠፋውም ራሱ ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ አጠገቡ ቆሞ «አጥፋው ብያለሁ» እያለው።

መብራቱ የሐኪም ቤቱ የሳል ሕሙማን በሚመዘገቡበት ክፍል፣ ከሰው ራስ በላይ የተሰቀለ ነው። አልትራቫዮሌት ይሉታል። ጨረሩ በጣሪያው ሥር ብቻ ይሄዳል እንጂ ወደ ሰው አይወርድም። ማራገቢያው የታቹን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አየሩ በጨረሩ ውስጥ ሲያልፍ የተሸከመው ጀርም ይሞታል። ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ለዘበኛውም ለጽዳት ሠራተኞቹም ሳይታክት አስረድቷል። የጨረር መለኪያውን ከእጁ ስለማይለይ ስሙን ትተው «መለኪያ» ይሉታል። በዚያ ክፍል ተቀምጣ የምትመዘግበው ነርስ ታላቅ እህቱ ናት። እናት አባታቸው ሲሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እታለም ይላታል። መብራቱን ለማን ብሎ እንደሰቀለው ያላወቀ አልነበረም።

ታዲያ እንግዶች ሊጎበኙ ነው ተባለና ሥራ አስኪያጁ የውሃ ታንከሩ ተቀብቶ የተረፈውን ብርማ ቀለም ጣሪያው ላይ አስቀባው። ጣሪያው እንደ መስተዋት አብለጨለጨ። በማግስቱ በክፍሉ የዋለ ሁሉ ዓይኑ ቀላ። እታለምም አሸዋ እንደገባበት ሰው ዓይኗን ስታሽ አመሸች።

«መብራቱ አይደለም፣ ጣሪያው ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ቀለሙ ጨረሩን ወደ ታች እየመለሰው ነው። ይኸው፣ ጠረጴዛው ጋ ከተፈቀደው አራት እጥፍ ያሳያል። ደብዛዛ ቀለም ይቀባ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«ትናንት ያስቀባሁትን ዛሬ ላስቀባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው እኮ ጣሪያ አያይም፣ አለቃ።»

«አንተ ታይ የለም እንዴ? በል መብራቱን አጥፋውና ማመልከቻ ጻፍ።»

ጻፈ። የመጀመሪያው ማኅተም ጎደለው ተባለ። ሁለተኛው ወደ ግዢ ክፍል ተመራ፤ ግዢ ክፍል ደግሞ «ቀለም መጋዘን አለ» ብሎ መለሰው። መጋዘን ሲጠየቅ፣ አዎ፣ አለ፤ ብርማ ቀለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። በመጨረሻ ከራሱ ኪስ አንድ ባልዲ ደብዛዛ ነጭ ቀለም ገዝቶ እሑድ ጧት መጣ። ዘበኛው በሩ ላይ አቆመው።

«ያለ ደብዳቤ ዕቃ አይወጣም።»

«እኔ እኮ ላስገባ ነው።»

«መውጣቱ የተከለከለ ዕቃ መግባቱ ይፈቀዳል? አንተ መለኪያ፣ እንጀራዬን አታስዘጋብኝ።»

ባልዲውን ተሸክሞ ተመለሰ።

«እታለም፣ ቢያንስ መስኮቱን ክፈቺው» አላት ማታ።

«እከፍታለሁ፤ በረደን ብለው ይዘጉታል።»

«ጭምብልሽንስ?»

«በጭምብል ስም ስጠራ ማን ይሰማኛል? አይዞህ፣ ያንተ ዓይነት ወንድም ያላት ሴት በጭቅጭቅ ነው እንጂ በጀርም አትሞትም።»

ሳቀ። ኋላ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ያ ሳቁ ነው ያናደደው።

ሰኔ ላይ ማሳል ጀመረች። የያዛት መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ከዚያ ክፍል ይያዛት ከሌላ፣ እርግጡን የሚያውቅ የለም። ሥራ አስኪያጁ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ይህንኑ ነገረው። ሰውየው ያለው እውነት ነው።

እታለም ያረፈችው ኅዳር ሦስት ቀን ነው። ጣሪያው ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን ደብዛዛ ነጭ ተቀባ፤ ሥራው አራት ሰዓት ፈጀ።