የጎደለችው ፍሬ

መምህርቷ ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያራግፉበት ወቅት ስለነበር የሳምንቱ ትምህርት ስለዚሁ ሆነና፣ ከቤቷ እስከ መዋለ ሕፃናቱ ድረስ ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ እየለቀመች ከረጢት ሙሉ ይዛ መጣች። ቢጫ ቅጠል፣ ቀይ ቅጠል፣ ከአንድ አጥር ሥር ደግሞ የሚያብለጨልጭ ዝንጉርጉር ፍሬ።

ልጆቹ ጠዋቱን ሲፈነጥዙ አረፈዱ። ቅጠሉን ከወረቀት ሥር አድርገው በከለር ሲያሹት ጅማቱ ቁልጭ ብሎ ሲወጣ፣ "ቲቸር፣ የኔን እዪው! የኔን!" እያሉ ቀሚሷን ጎተቱ። ቀጥሎ ቆጠራ ሆነ። ለየጠረጴዛው ዐሥር ዐሥር ፍሬ ሰጠቻቸው፤ በጩኸታቸው ጣራውን አነቃነቁት። ፍሬውን ስትሰበስብ ግን በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ የተመለሰው ዘጠኝ ነው።

ተንበርክካ ወለሉን ስትፈልግ የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ መወልወያቸውን ይዘው ገቡ። አንዱን ፍሬ አንስተው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ልጄ፣ ይሄ ጉሎ አይደል እንዴ? ልጆች እጅ ምን ይሠራል?"

"አላወቅኩትም እማማ። ምነው?"

"መርዝ ነው እኮ! ማኘክ ነው የሚፈራው።"

መምህርቷ በዚያ ጠረጴዛ የነበሩትን አራት ልጆች ኪስ በረበረች፣ አፍ አስከፈተች። ምንም የለም። ማን እንደበላ በቁጣ ብትጠይቅ አራቱም ዝም አሏት። እየሮጠች ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባች።

"ተረጋጊ እስቲ" አሏት ዳይሬክተሯ። "አንዱ ጥግ ተንከባሎ ይሆናል። አራት ወላጅ ጠርተሽ ጉድ ልታፈዪብን ነው?"

"ተንከባሎ ከሆነ እሰየው። ውጠውትስ ከሆነ?"

መልስ አልጠበቀችም። እዚያው ቆማ ለአራቱም እናቶች ደወለች፤ ከዚያ ልጆቹን በትምህርት ቤቱ መኪና ጭና ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው።

ሐኪሙ አንድ በአንድ ሲያያቸው፣ በጉንጯ ሙላት "ድንቡሼ" የሚሏት ልጅ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ከረሜላ መስሎኝ ነው" አለች። "ቲቸር እንዳትቆጣኝ ብዬ ዋጥኩት።"

ለመምህርቷ አሁን ገባት። ለካ ልጅቷን ዝም ያሰኛት የእሷው ቁጣ ነው።

"አኝከሽዋል?" አለ ሐኪሙ። ልጅቷ አንዴ አዎ፣ አንዴ አይ አለች። አስተኟት። የድንቡሼ እናት የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ደረሰች።

"በአደራ የሰጠሁሽን ልጅ መርዝ ታበያታለሽ?"

እናትየዋ ከመምህርቷ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ፊቷን አዞረች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም እኩል ብድግ ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ፍሬው እንዳለ፣ ሳይሰበር ወጣ። ልጅቷ ተረፈች። ዳይሬክተሯ መምህርቷን ጠርተው ወረቀት አቀረቡላት፤ "ልጅቷ ከቤት ይዛው መጣች ብለሽ ጻፊ፤ ነገሩ ይበርዳል" አሏት። እሷ ግን "ከመንገድ ለቅሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ምንነቱን አልጠየቅኩም" ብላ ጻፈችና ፈረመች። በሳምንቱ ከማስተማር ታገደች።

ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ የድንቡሼ እናት የልጇን መልቀቂያ ልትወስድ መጥታ በር ላይ ተገጣጠሙ። መምህርቷ አንገቷን ደፋች።

"ወዲያው ስለደወልሽልኝ ተባረኪ" አለች እናትየዋ። "ይቅር በዪኝ እንዳትዪኝ ግን። ገና አልቻልኩም።"

"እሺ" አለች መምህርቷ። በሩን ለሴትዮዋ ከፍታ ያዘችላትና ወደ መንገዱ ወጣች።